በአሥራ አንድ ቤት ስም

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን በቦርከና ዳር ሰፈር ያሉት ማቀዝቀዣዎች በሙሉ ዝም አሉ። ማራገቢያዎቹም ቀስ እያሉ ቆሙ። ከድጃ ከሱቋ በር ላይ እንደተቀመጠች የካርቶን ክዳን አንስታ ፊቷን ማራገብ ጀመረች እንጂ ቀና ብላ እንኳ አላየችም። አራት ዓመት ሙሉ እንዲህ ነው። ከዘጠኝ እስከ አሥር ሰዓት ድረስ የሰፈሩ ጣሪያዎች የሚሰበስቡት የፀሐይ ኃይል ሁሉ ወደ ረድኤት ወርክሾፕ ይሄዳል። መዋጮው ይኸው ነው። እያንዳንዱ ቤት በቀን የአንድ ሰዓት መብራቱን ይሰጣል፤ ረድኤት በምትሠራው የመኪና ውድድር ጨዋታ ውስጥ ደግሞ በቤቱ ስም የምትጠራ አንዲት መኪና ያገኛል።

የረድኤት እናት እታገኝ በፌስታል ብርቱካን ይዛ በከድጃ ሱቅ በኩል አለፈች።

«ስምንት ቀን ቀረ አይደል?» አለቻት ከድጃ።

«ስምንት። እንቅልፍ አጣሁ።»

«አንቺ ደግሞ መቼ እንቅልፍ ነበረሽ። ልጅሽ ስትማር አልተኛሽም፣ ስትመረቅ አልተኛሽም።»

ከስምንት ቀን በኋላ ሰፈሩ አዳራሽ ተሰብስቦ ጨዋታውን ያያል። ከወደደው ጨዋታው ለዓለም ይወጣል፤ ረድኤትም እዚሁ ኮምቦልቻ እየሠራች ትኖራለች። ካልወደደው የአንድ ሰዓቱ መብራት ለሌላ ሥራ ይሰጣል፤ ወርክሾፑም ይዘጋል። ያን ጊዜ ረድኤትን የሚጠብቃት ዳሎል ውስጥ ያለው የማዕድን ጣቢያ ነው። የሥራ ደብዳቤው መጥቶ ጠረጴዛዋ ላይ ተቀምጧል። እታገኝ ያንን ደብዳቤ ባየች ቁጥር እዚያ ምድሩ ከሥር ይፈላል ሲባል የሰማችው ትዝ ይላታል።

ወርክሾፑ ውስጥ ግድግዳው ሙሉ የሐረጎ ቁልቁለት ነበር። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደው የድሮ መንገድ ከነኩርባው፣ ከነገደሉ፣ ከነባሕር ዛፉ እንደነበረ ተሠርቷል። በእውነተኛው መንገድ ላይ ዛሬ የሚሄድ የለም። ሰው ሁሉ በዋሻው ውስጥ በሚያልፉት ራስ ነጂ መኪናዎች ይጓዛል፤ በእነሱ ውስጥ መሪም የለም፣ ፍሬንም የለም። የመኪና መሪ በእጁ የያዘ ሰው ከጠፋ ሠላሳ ዓመት አልፏል። ለዚህም ነው ሰፈሩ ይህን ጨዋታ የወደደው። ሽማግሌው ያስታውሳል፣ ወጣቱ ያልደረሰበትን ያያል።

አርባ መኪናዎች ከላይ ተንደርድረው ወረዱ። ነጂዎቻቸው ሰዎች አልነበሩም፤ ጥላ ነጂዎች ነበሩ። ከየቤቱ አንድ ሰው እየመጣ በአሻራ ወንበሩ ላይ ይቀመጣል። ወንበሩ የተቀመጠውን ሰው የእጁንና የእግሩን እንቅስቃሴ፣ ትንፋሹንና የጡንቻውን መኮማተር ይይዛል። ከዚያ ውስጥ የሚበቅለው ነጂ ጥላ ነጂ ይባላል፤ እንደዚያ ሰው ይቸኩላል፣ እንደዚያ ሰው ይጠነቀቃል።

መኪናዎቹ ሰባተኛው ኩርባ ላይ ሲደርሱ የአንዳንዶቹ የፍሬን መብራት ሁለት ጊዜ ብልጭ፣ ብልጭ አለ። እነሱ ሲቀዘቅዙ ከኋላ የሚመጡት ተጠራቀሙ። ውድድሩ ውድድር መሆኑ ቀርቶ የገበያ ቀን መንገድ መሰለ።

«እንደገና» አለች ረድኤት። ዓይኗ ቀልቷል።

ከጎኗ የሰፈሩ ኮሚቴ ሰብሳቢ ጋሽ ይመር በከዘራቸው ተደግፈው ቆመዋል። «እኔ በዚህ ቁልቁለት ሃያ ዓመት ከባድ መኪና ነድቻለሁ። ፍሬን እንዲህ አይነካም። ወይ ትይዘዋለህ፣ ወይ ትተወዋለህ። ይሄ መነካካት ምንድን ነው?»

«የእኛን ቤት ሳልቆጥር አሥራ አንድ መኪናዎች ናቸው፣ ጋሽ ይመር። ሁልጊዜ እነዚያው አሥራ አንዱ። የእነ ከድጃ፣ የእነ ሰዓዳ፣ የእነ መምህር አበጋዝ...» ረድኤት ዝርዝሩን አነበበች። «እነዚህን ቤቶች ከእኛ ቤት ጋር የሚያገናኛቸው ነገር አጣሁ።»

እታገኝ ፌስታሉን ወንበር ላይ አስቀመጠች።

«እኔ ነኝ» አለች።

«ምኑ ነው አንቺ፣ እማ?»

«አንቺ በሌለሽበት የተቀመጥኩላቸው እኔ ነኝ። ሰዓዳ አራስ ነበረች። ከድጃ ዕቃ የሚራገፍበት ቀን ሆነባት። መምህር ወገባቸውን ታመው ነበር። ‹የአንቺ ልጅ ሥራ ነው፣ አንቺው ተቀመጪልን› አሉኝ። ቤታቸው እንዳይጎድል ብዬ ነው። ለቅሶ ቤት ማደር ያልቻለውን ሰው ጎረቤቱ ይተካው የለ? እንደዚያ መስሎኝ።»

ጋሽ ይመር ሳቃቸው አመለጣቸው። «አሥራ አንድ ቤት ሙሉ አንቺ? ታዲያ አንቺ መቼ ነድተሽ ታውቂያለሽ?»

«ነድቼ አላውቅም። ተሳፋሪ ነበርኩ።» እታገኝ ወደ እግሯ አየች። «ልጅ ሆኜ ደሴ አክስቴ ጋ በሚኒባስ ስንመላለስ ከሾፌሩ ኋላ ነበር የምቀመጠው። ኩርባው ሲመጣ እኔም ወለሉን እረግጥ ነበር። ሁለት ጊዜ። የሾፌሩ እግር ብቻውን የሚበቃ አይመስለኝም ነበር።»

ረድኤት ወደ መቆጣጠሪያ ሰሌዳው ዞረች። ሰባተኛውን ኩርባ እንደገና ከፈተችው። ብልጭ፣ ብልጭ።

የሰፈሩ ውል የማንም ቤት አሻራ ያለ ቤቱ ፈቃድ አይነሳም ይላል። እታገኝ በማግስቱ አሥራ አንዱን በር አንኳኳች። ሰዓዳ ልጇን ታቅፋ መጣች። መምህር አበጋዝ በትራስ ተደግፈው ተቀመጡ። ከድጃ ሱቋን ዘግታ መጥታ ወንበሩ ላይ እንደ ሠርግ ቤት እመቤት ተደላድላ፣ «አሁን መኪና እንዴት እንደሚነዳ እዩ» አለች። በሁለት ቀን ውስጥ አሥራ አንዱም ቤት ተተካ። የቀረው የእታገኝ የራሷ ቤት ነበር። ለእሱ የሚቀመጥ ደግሞ ከራሷ በስተቀር ሌላ ሰው አልነበረም፤ ረድኤት ሠሪዋ በመሆኗ በውሉ መሠረት ለማንም ቤት ልትቀመጥ አትችልም።

«ሳትፈሪ ተቀመጪ፣ እማ። ጨዋታ ነው» አለቻት ረድኤት።

እታገኝ ሳትፈራ ልትቀመጥ ሞከረች። ስትቀመጥ ዓይኗን ጨፈነች፤ ወንበሩ የጨፈነ ዓይን ያዘ። ብርቱካን እየበላች ተቀመጠች፤ ኩርባው ሲመጣ ማላመጧን አቆመች። በሦስተኛው ቀን ቀኝ እግሯን ከወንበሩ ጋር በሻሿ አሰረችው። እግሯ አልተንቀሳቀሰም፤ ነገር ግን ወንበሩ የጡንቻዋን መኮማተር አንብቦ መብራቱን ሁለት ጊዜ ብልጭ አደረገው።

«እግርሽን ቤት አስቀምጠሽው ነይ እንጂ» አለቻት ከድጃ።

«ቢሆንልኝ ደስ ይለኝ ነበር።»

የሚያስፈራት ገደሉ አልነበረም። ገደሉ ሥዕል መሆኑን ታውቃለች። ኩርባው በቀረበ ቁጥር ግን፣ አሁን ብሳሳት ልጄ ወደ ዳሎል ትሄዳለች ትላለች፤ ይህን ስትል እግሯ ይረግጣል። ለልጇ በተጨነቀች መጠን የልጇን ሥራ ታበላሻለች። ይህን ራሷም ተረድታዋለች። መረዳቷ ግን አልረዳትም፤ ጭራሽ ጨመረባት።

«አንሺው» አለች በመጨረሻ። «የእኔን ቤት አንሺው። እኔ ፈቅጃለሁ።»

«ያለ መኪና ትቀሪያለሽ። በሰፈሩ ውስጥ መኪና የሌለው ቤት የአንቺ ብቻ ይሆናል።»

«ለምኔ ነው መኪና?»

ረድኤት እናቷን ትንሽ ቆማ አየቻት። ከዚያ ወደ ሰሌዳው ዞራ አሻራውን አነሳችው፤ ቁጥሩ እንዳይጎድልም ባዶዋን መኪና ለሰፈሩ ዕድር ሰጠቻት፤ ዕድሩም የሚቀመጥላት ሰው ላከ።

ትርዒቱ ሊታይ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጋሽ ይመር ባሉበት አርባውን መኪናዎች ለቀቀቻቸው። የእታገኝ እግር ከአንዳቸውም ውስጥ የለም። መኪናዎቹ የመጀመሪያውን ኩርባ አለፉ፣ አራተኛውን አለፉ። እታገኝ በር ላይ ቆማ እጇን አፏ ላይ አድርጋለች።

ሰባተኛው ኩርባ ላይ የሁሉም መኪናዎች መብራት ሁለት ጊዜ ብልጭ አለ።

ደብዛዛ ነበር። እንደ ዓይን መርገብገብ ነበር። ግን አርባዎቹም ላይ ነበር። እስከ ዛሬ የእታገኝ ጠንካራ እርግጫ ሸፍኖት ኖሮ ማንም አላየውም።

«አሁንስ ማን ነው?» አሉ ጋሽ ይመር።

ረድኤት ወደ ኋላ እየሄደች ፈለገች። የዘንድሮውን አሻራ ከፈተች፣ አለበት። የአምናውን ከፈተች፣ አለበት። ሦስት ዓመት ወደ ኋላ ሄደች። በመጨረሻ ወደ መጀመሪያው ቀን ደረሰች፤ ሰፈሩ ገና ሳይገባበት፣ ወንበሩ ተገጣጥሞ ወዳለቀበት ቀን። የሁሉም ጥላ ነጂዎች ሥር ያ አሻራ ነው። በላዩ ላይ ነው ሁሉም የበቀሉት። ያን ቀን ወንበሩን ለመሞከር የተቀመጠው አንድ ሰው ብቻ ነበር።

ረድኤት እጇን ከሰሌዳው ላይ አነሳች። «እኔ ነኝ» አለች።

«አይሆንም» አለች እታገኝ። «አንቺ ፍሬን ያለው መኪና ውስጥ ተቀምጠሽ አታውቂም። ስትወለጂ አንድም አልቀረም ነበር።»

«ጭንሽ ላይ ተቀምጬ አውቃለሁ።»

እታገኝ በዋሻው ውስጥ ፍሬን በሌለው መኪና ስትጓዝ፣ ልጇን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ባዶ ወለል ስትረግጥ ታያት። ልጅቷ ስንት ዓመቷ ነበር? ሁለት? ሦስት? ጭኗ ሲጠነክር ይሰማት ነበር ማለት ነው። ምን እንደሚፈራ ሳታውቅ መቼ እንደሚፈራ ተምራለች።

«ይቅርታ አድርጊልኝ፣ ልጄ።»

«ለምኑ? ይቅርታ የሚባልበት ነገር አይደለም።» የረድኤት ድምፅ ደክሞ ነበር እንጂ አልተቆጣም። «የእኔን ካነሳሁት የሚቀር ነገር የለም። ሁሉም ይፈርሳል። እንደገና ለማብቀል ሁለት ዓመት ይፈጃል።»

ጋሽ ይመር ከከዘራቸው ቀና ብለው፣ «ዝግጁ ነጂዎች የሚባሉ አሉ አሉ። ከማንም ያልተቀዱ፣ በስሌት ብቻ የተሠሩ። በአንድ ቀን ይገባሉ። የልጅቷን ድካም ከንቱ ከማድረግ ይሻላል» አሉ።

በዚያው ቀን ማታ ኮሚቴው ሰፈሩን በአዳራሹ ሰበሰበና ድምፅ ተሰጠ። መኪናዎቹ ላይ የየቤቱ ስም እንዳለ ይሆናል፤ ውስጣቸው ብቻ ይቀየራል። እጆች ወጡ። የከድጃ እጅ ወጣ፣ «የኔ ነጂ ጥሩ ነበር እኮ» እያለችም ቢሆን። ረድኤት ቆይታ አወጣች። እታገኝ የልጇን እጅ ካየች በኋላ፣ ዳሎልን አስባ የራሷን አወጣች። የተቃወመ አልነበረም።

በስምንተኛው ቀን ዘጠኝ ሰዓት ላይ ማቀዝቀዣዎቹ ዝም አሉ፤ አዳራሹም ሞላ። አርባዎቹ መኪናዎች በአዳራሹ ግድግዳ ላይ ከሐረጎ አናት ተወረወሩ። እንዲህ ያለ ፍጥነት ማንም አይቶ አያውቅም። ኩርባው ላይ ጎማቸው ብቻ ይጮሃል። ጋሽ ይመር ከዘራቸውን መሬት እየመቱ፣ «አይ ልጅ፣ አይ ልጅ» ይላሉ። ሰባተኛው ኩርባ ላይ አንድም መብራት አልበራም። ከመሃል የነበረች አንዲት ቀይ መኪና ግን ከመንገዱ ወጥታ አጥሩን ጥሳ ወደ ገደሉ ተወረወረች። ሌሎቹ አልቀዘቀዙም። ሕዝቡ አጨበጨበ።

በሙከራው ጊዜ እንዲህ ሲሆን ሰው ይጠራራ ነበር፤ የእነ ሰዓዳ ወደቀ፣ የመምህርን ያዙት ይባባል ነበር። ዛሬ የተጠራ ስም የለም።

«የማን ነው የወደቀው?» አለች ከድጃ ወደ ረድኤት ጎንበስ ብላ።

«የእናንተ ስም ነው ያለበት።»

«ውስጡስ?»

«ማንም የለም።»

ከድጃ ራሷን ነቀነቀች። ማጨብጨቧን ልትቀጥል እጇን አነሳችና መልሳ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው።

ያን ዕለት ሰፈሩ ጨዋታውን ተቀበለ። ጋሽ ይመር ረድኤትን ግንባሯን ሳሙ። ለዳሎሉ ደብዳቤ የእምቢታ መልስ ሊጻፍለት ሆነ፤ እታገኝ ለአራት ዓመት የለመነችውን ሁሉ አገኘች። ይህ ግን በኋላ ነው። በዚያች ሰዓት ሰዉ ሁሉ ፊት የሚመሩትን መኪናዎች እያየ ነበር፤ በግድግዳው ጥግ ላይ ደግሞ ቀይዋ መኪና ገና ትወድቅ ነበር። ረድኤት ገደሉን ልክ እንደ እውነተኛው ጥልቅ አድርጋ ስለሠራችው ለመድረስ ጊዜ ይፈጃል። እታገኝ ዓይኗን መንቀል አቃታት። ውስጡ ማንም እንደሌለ ሰምታለች። ቢሆንም ታች እስክትደርስ አንድ ሰው ሊያያት ይገባል ብላ አሰበች።

ዞር ስትል ረድኤትም ፊቷን ወደዚያው አድርጋ ትንፋሿን ይዛለች። ሁለቱም ምንም ሊያደርጉላት አልቻሉም።