ተቃጥሏል ተብሎ የተፈረመበት

ወረቀቱ የተገኘው ከሬሳ ኪስ ነው።

ሬሳው የጠላት ሰላይ ነበር። ድልድዩ ሥር በግንባሩ ተደፍቶ፣ አፉ ጭቃ ሞልቶ፣ ዝንብ ሰፍሮበት ተገኘ። ከእሱ ከፍ ብሎ፣ መንገዱ ላይ፣ የወገን አሥራ ዘጠኝ ወታደሮች ወድቀዋል። ደፈጣው በሰዓቱ ነበር የጠበቃቸው። መኪኖቹ ስንት እንደሆኑ፣ የቱ እንደሚቀድም፣ ድልድዩ ላይ ስንት ሰዓት እንደሚደርሱ ጠላት ልቅም አድርጎ ያውቅ ነበር።

ያወቀው ከዚያ ወረቀት ነው። የጉዞ ትእዛዝ፤ በታይፕ የተመታ፣ «ጥብቅ ምስጢር» የሚል ማኅተም ያረፈበት። አንድ መስመሩ ስለተሳሳተ በቀይ እስክሪብቶ ተሰርዞ «ይቃጠል» ተብሎበታል። አልተቃጠለም።

የመታውን ሰው ለማግኘት ግማሽ ቀን እንኳ አልፈጀም።

በጦር ሰፈሩ «መትረየስ» ይሉታል። አሥር አለቃ ነው። በስድስት ዓመት አገልግሎቱ ሰው ላይ አንድ ጥይት አልተኮሰም፤ ታይፕ ሲመታ ግን ድምፁ ግቢውን ስለሚያዳርስ ቅጽል ስሙ ወጣለት። ሲይዙት ጣቶቹ ላይ የሪባን ቀለም ነበር። ካቴናውን ያጠለቀለት ወታደር «መትረየሱ ወደኛ ዞረ» አለና ጫማው ላይ ተፋበት። የዚህ ወታደር ታናሽ ወንድም ከአሥራ ዘጠኙ አንዱ ነው። ወታደሩ ራሱ ደግሞ የእስር ቤቱ ጠባቂ ነበር።

ደንቡ ቀላል ነው። የተበላሸ የምስጢር ወረቀት ከመዝገብ ቤቱ ጀርባ ባለው በርሜል ውስጥ ይቃጠላል። የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ ያቃጥላል፤ የመታው ሰው ቆሞ ያያል፤ ሁለቱም ይፈርማሉ። የፊርማው ደብተር ተገለጠ። ሁለቱም ፈርመዋል።

«ፊርማው የማን ነው?» አለች መርማሪዋ ሻምበል።

«የኔ ነው፣ ሻምበል።»

«ሲቃጠል አይተሃል?»

«አይቻለሁ።»

«በዓይንህ?»

«በዓይኔ።»

«ታዲያ አመዱ ነው ሬሳ ኪስ ውስጥ ገብቶ ወረቀት የሆነው?»

ሻምበሏ መዝገቡን ገለጠች።

«የእህትህ ባል ሹፌር ነው። እስከ ድንበር ይጭናል።»

«ሲሚንቶ ነው የሚጭነው።»

«ሲሚንቶ ብቻ?»

ሻምበሏ ከምርመራ በኋላ እጇን በሳሙና መታጠብ ልማዷ ነው። የሰው ውሸት እንደ ቅባት የሚጣበቅ ይመስላታል። የዚያን ቀን ታጥባ ስትጨርስ የእህቱን ባል የመያዣ ትእዛዝ ፈረመች።

ሰውየውን ሦስት ሳምንት እንቅልፍ ነሱት። በመጨረሻ መኪናው በዚያ ሰሞን ሞተሩ ወርዶ ጋራዥ እንደነበር ተረጋገጠ። እግሩ አብጦ ወጣ። ይቅርታ ያለው የለም። ሚስቱ፣ የመትረየስ እህት፣ ከዋናው በር ቆማ «ባሌን ወሰዳችሁ፣ ወንድሜን ወሰዳችሁ፤ እኔንስ ለማን ተዋችሁኝ?» ስትል ዘበኞቹ ፊታቸውን አዞሩ። አማቹ ነፃ ቢወጣም ለመትረየስ የፈየደለት ነገር አልነበረም። ክሱ ክህደት ነው። ቅጣቱ ሞት ነው። ችሎቱ ከአራት ወር በኋላ ይሰየማል ተባለ።

መትረየስ ግን «አይቻለሁ» ብሎ ለምን ዋሸ? በአባባ ምክንያት ነው።

አባባ የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ ናቸው። ሠላሳ ዓመት ያገለገሉ ሃምሳ አለቃ፤ ለጡረታ አምስት ወር የቀራቸው። ኪሳቸው ኦቾሎኒ አያጣም። ወጣት ወታደር ባገኙ ቁጥር «እንካ ልጄ፣ ቆርጠም ቆርጠም አድርግ» እያሉ እፍኝ ይሰጣሉ። ደግ ሰው ናቸው ይባላል። እንዲህ ያለውን ደግነት ከሰው ያርቀው።

መትረየስ በታሰረ ማግስት አባባ እስር ቤት መጡ። በፍርግርጉ መሃል እፍኝ ኦቾሎኒ አቀበሉት፤ ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ሲቃጠል አላየሁም እንዳትል። ሐሰተኛ ፊርማ ነው፤ ሁለታችንም እንጠፋለን። አንተ አይቻለሁ በል። እኔ ውጭ ሆኜ አወጣሃለሁ። ሰው የሚያውቀኝ ሰው ነኝ።»

«እርስዎ ግን አቃጥለውታል አይደል፣ አባባ?»

«ምን ማለትህ ነው ልጄ! ቅር አሰኘኸኝ።»

መትረየስም አፈረ። ኦቾሎኒውን በላ።

ከዚያ በኋላ የበላው ሁሉ ጥሩ አልነበረም። ጠባቂው ሳህኑን ከማቀበሉ በፊት ፊት ለፊቱ ይተፋበታል። መትረየስ ያየዋል፤ ጠባቂውም ማየቱን ያያል። ለማንም አልከሰሰውም። «ወንድምህን የሸጠው ይህ ነው» ቢባል እሱም እንደዚያ ያደርግ እንደነበር ያውቃል። ዳር ዳሩን ለመብላት ይሞክርና ይተወዋል።

ችሎቱ አሥር ቀን ሲቀረው ሻምበሏ አስጠራችውና የምስክሮችን ቃል አነበበችለት። የአባባ ተራ ደረሰ።

«‹አቃጣዩ እሱ ነበር። ጭስ ስለማይስማማኝ በመስኮት ነው የማየው። ሌላ ወረቀት አቃጥሎ ያንን ደብቆት ኖሯል። እንደ ልጄ ነበር የማምነው።› ይህን ሲናገሩ አልቅሰዋል» አለች።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንዲሉ፣ በሰፈሩ ሁሉ የተወራው መትረየስ ዘንድ የደረሰው መጨረሻ ላይ ነው።

«አላየሁም» አለ።

«ምን?»

«ሲቃጠል አላየሁም። ያኔ ብቻ አይደለም፣ አንድም ቀን አላየሁም። ‹ፈርም ልጄ፣ ጭሱ ዓይንህን ይጎዳሃል› ይሉኛል። እፈርማለሁ። ስድስት ዓመት ሙሉ።»

«ትናንት አየሁ፣ ዛሬ አላየሁም። ማን ይመንህ?»

«ማንም።»

ሻምበሏ ተነፈሰችና አንድ ቅጽ ገፋችለት። «ኤግዚቢት ሆኖ የተያዘውን ወረቀት አይቻለሁ ብለህ እዚህ ጋ ፈርም።»

እስክሪብቶውን አነሳ። ጫፉ ወረቀቱን ሊነካ ሲል እጁ ቆመ።

«አላየሁትም» አለ። «ላየው።»

ከታሰረ ጀምሮ ያንን ወረቀት በቅርብ አላሳዩትም። ሻምበሏ ትንሽ አመነታች፤ ከዚያ ከላስቲኩ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችለት። አራት ወር ሙሉ መርማሪዋ፣ ዐቃቤ ሕጉ፣ አዛዡ አንብበውታል። ሁሉም ያነበቡት ፊደሉን ነው። መትረየስ ግን ወረቀት ሲዳስስ የኖረ ሰው ነው፤ ፊደሉን የመታው ራሱ ስለሆነ አላነበበውም። እጥፋቱን አየ።

ደብዳቤ ለሦስት ይታጠፋል። የሚደበቅ ነገር ይጣጠፋል። ይህ ግን በመሃሉ አንድ እጥፋት ብቻ ነበረው፤ የሰላዩ ኪስ ያጠፈው። ከዚያ በታች ከአንዱ ማዕዘን ተነስተው የሚዞሩ የቆዩ መስመሮች ነበሩ። እጁን ለቀቅ ሲያደርግለት ወረቀቱ በራሱ እንደ ቀንድ ተጠቀለለ። ሹሉ ጫፍ ላይ የቅባት ነጠብጣብ ነበር፤ ከውስጡ ቀጭን ቀይ ገለባ ተጣብቋል።

አሸተተው።

«ሻምበል» አለ። «የአባባ ሚስት አውቶቡስ መናኸሪያው በር ላይ ሱቅ አላቸው።»

«እና?»

«ኦቾሎኒ ነው የሚሸጡት።»

ሻምበሏ በማግስቱ የሲቪል ልብስ ለብሳ መናኸሪያ ሄደች። አላመነችውም። ከዚህ ሁሉ ደም በኋላ ማንም ሰው፣ ሌባም ቢሆን፣ እጁን ይሰበስባል ብላ ነው ያሰበችው። ሴትየዋ ፈገግታ የማይለያቸው፣ እጃቸው የፈጠነ ናቸው። ከመደርደሪያው ሥር ወረቀት ይመዛሉ፣ ይጠቀልላሉ፣ ይሞላሉ። ሻምበሏ ሦስት ጥቅል ገዛች። አንዱ የተማሪ ደብተር ነበር። ሁለተኛው ጋዜጣ።

ሦስተኛውን አውቶቡስ መጠበቂያው ወንበር ላይ ተቀምጣ ፈታችው።

የስም ዝርዝር ነበር። ለቤተሰብ መርዶ እንዲላክ የተመታ፣ ተራ ቁጥሩ በመሳሳቱ በቀይ ተሰርዞ «ይቃጠል» የተባለበት። ከአንድ እስከ አሥራ ዘጠኝ። በስሞቹ ላይ ጨው ተበትኗል። ከአንደኛው ስም ላይ የኦቾሎኒ ገለባ አነሳች፤ በአፏ ውስጥ ያለውን ኦቾሎኒም መሬት ላይ ተፋችው።

የፊርማው ደብተር ሲገለጥ ዝርዝሩ ተቃጥሏል ተብሎ ተፈርሞበታል። በመትረየስ ቦታ የተተካው ታይፒስት ተጠየቀ።

«ሲቃጠል አይተሃል?»

ወጣቱ ታይፒስት መዳፉን ሱሪው ላይ ጠረገ። «አባባ ‹ፈርም ልጄ፣ ጭሱ ይጎዳሃል› ሲሉኝ…»

አባባ ሲጠሩ ኮታቸውን ቆልፈው፣ ሜዳሊያቸውን አድርገው መጡ። ሻምበሏ ወንበር ሳበችላቸው።

«ይቀመጡ። ይህን ወረቀት ያውቁታል?»

«ይሄ… ተቃጥሏል።»

«ከባለቤትዎ ሱቅ ነው የገዛሁት። ኦቾሎኒ ነበረበት።»

አባባ ላባቸውን ጠረጉ። ከዚያ የማይጠበቅ ነገር አደረጉ፤ ተቆጡ።

«የተበላሸ ወረቀት እኮ ነው! ለእሳት ከሚሰጥ ሰው ቢጠቀምበት ምን አለበት? እኔ ለጠላት አልሰጠሁም። እሱ መጥቶ ኦቾሎኒ ቢገዛ ጥፋቱ የማን ነው? አገሬን የምከዳ ሰው ነኝ?»

«ሰላዩ ኪስ ውስጥ የተገኘውን ሲያሳዩዎት ከየት እንደመጣ አውቀዋል?»

አባባ ሜዳሊያቸውን ዳሰሱ።

«አውቀዋል ወይ ነው የምለው።»

«የሚስቴን አጠቃለል አላጣውም።»

«ካወቁ በኋላ ልጁ ላይ መሰከሩ።»

«አምስት ወር ነበር የቀረኝ። ሠላሳ ዓመት ስሜን ጠብቄ… በሽኝቴ ዋዜማ ‹አባባ እንዲህ አደረገ› ሊባል? እሱ ገና ልጅ ነው። ያገግማል።»

«ከሞት ቅጣት?»

«ምሕረት ይደረግለታል ብዬ ነው እኔማ።»

«ከዚያስ በኋላ ለምን አላቆማችሁም?»

አባባ ትከሻቸውን ሰበቁ። ጥያቄው በእውነት ያልገባቸው ይመስሉ ነበር። «መጠቅለያ አልቆባት ነበር» አሉ።

ሻምበሏ ከወንበሯ ተነሳች። እስከዚያች ደቂቃ አንቱ ስትላቸው ነበር።

«ተነስ» አለችው። «ካቴናውን አምጡለት።»

የዚያን ቀን እጇን ሦስት ጊዜ ታጠበች። ሰው አገሩን ለጠላት ሲሸጥ ቢያንስ አገሩ ዋጋ እንዳላት ያውቃል። ይህኛው ግን አሥራ ዘጠኝ ሰው ያስገደለው እስከ በርሜሉ ሠላሳ እርምጃ መራመድ ሰልችቶት፣ ለሚስቱ መጠቅለያ ለማዳረስ ነው። ያስጠላል። ከዚህ ሌላ ቃል አይገኝለትም።

መትረየስ በሳምንቱ ተፈታ። የመፈቻ ደብዳቤውን ሻምበሏ ራሷ ሰጠችው። ጠባቂው በሩ ላይ ቆሞ ነበር፤ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሏል።

ደብዳቤው አጭር ነው። «ከክህደት ወንጀል ነፃ መሆኑ ተረጋግጧል። ምንም ዓይነት ጥፋት የለበትም።»

መትረየስ አነበበው። ደግሞ አነበበው። ከዚያ መለሰላት።

«ሁለተኛው መስመር ልክ አይደለም» አለ።

«ምን ሆነ?»

«ጥፋት አለብኝ። ሳላይ ፈርሜያለሁ። ቆሜ አይቼ ቢሆን ኖሮ ወረቀቱ ሱቅ አይደርስም ነበር።»

«ይህን ካስጻፍክ ማዕረግህ ይነሳል። ገባህ?»

«ገብቶኛል።»

ጠባቂው ቀና አለ።

ሻምበሏ የታይፕ ጠረጴዛውን አሳየችው። ተቀምጦ ራሱ መታው፤ እንደ ድሮው አልፈጠነም፣ አንድ አንድ ፊደል እየለቀመ ነው። «ከክህደት ወንጀል ነፃ መሆኑ ተረጋግጧል። ወረቀቱ ሲቃጠል ሳያይ አይቻለሁ ብሎ በመፈረም ጥፋተኛ ነው።» ፈረመችበት። የመጀመሪያውን ደብዳቤ በቀይ ሰርዛ «ይቃጠል» አለችበት።

ሦስቱም ከመዝገብ ቤቱ ጀርባ ወጡ። በርሜሉ ውስጥ ሸረሪት አድርቶበት ነበር። ክብሪቱን የጫረው ጠባቂው ነው።

ወረቀቱ ተያያዘ። ነፋሱ ጭሱን ወደ መትረየስ ፊት አመጣው። ዓይኑ ነደደ፣ እንባው ወረደ፤ ከቦታው አልተነቃነቀም። ከጎኑ ጠባቂው ወደ በርሜሉ እያየ «ወንድሜ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነበር» አለ።

መትረየስ የመጨረሻዋ ጥግ አመድ እስክትሆን ጠበቀ። አመዱን በእንጨት አገላበጠ። ከዚያ ደብተሩን ተቀብሎ ፈረመ።