አላውቅም የማይለው ኤፒአይ

ዩንቺን በኮምፒውተሯ ሰንጠረዥ ላይ አሥራ አንደኛውን ረድፍ ዘላ ወደ አሥራ ሁለተኛው ስትሻገር መምህር ኩዎ ከኋላዋ ቆመው ነበር።

«አሥራ አንድን ረሳሽው» አሏት።

«እመለስበታለሁ፣ ቲቸር።»

«ትናንትም እንደዚሁ ብለሽኛል።» አልተቆጡም። የሻይ ጠርሙሳቸውን እንዳንጠለጠሉ ወደሚቀጥለው ተማሪ አለፉ።

ከኮምፒውተር ክፍሉ በር ውጭ ጠረጴዛ ላይ ፍራፍሬና ብስኩት ተደርድሯል። በጨረቃ አቆጣጠር ሰባተኛው ወር ገብቷል፤ «ጥሩ ወንድሞች» ከወዲያኛው ዓለም ወጥተው የሚዞሩበት ወር ነው። በእውነተኛ መጠሪያቸው ደፍሮ የሚጠራቸው የለም። ማሽኖቹም ድርሻቸው አልቀረባቸውም፤ አደብ እንዲገዙ እያንዳንዳቸው ላይ አንድ አረንጓዴ ከረጢት የበቆሎ ብስኩት ተቀምጦላቸዋል። ዩንቺን በዚህ ሁሉ አላምንም ባይ ናት። አሥራ አንደኛውን ረድፍ ግን ትፈራለች።

የኮምፒውተር ክበቡ በትምህርት ቤቱ በር ላይ የነበረውን የወንዝ ማስጠንቀቂያ ሰሌዳ እንደገና ሊያበራ ነው። ሰሌዳው በራሱ የሚያውቀው ነገር የለም፤ የዝናቡንም የወንዙንም ወሬ ከሌሎች ይለቃቅማል። የሚለቃቅመው በኤፒአይ ነው፤ አንዱ ፕሮግራም ሌላውን የሚጠይቅበት መስኮት በሉት። ትጠይቁታላችሁ፣ ይመልሳል። ታዲያ በየመስኮቱ ታማኝ ሰው አይቀመጥምና፣ ከሰሌዳው ጋር ከመገናኘታቸው በፊት አንድ በአንድ ይፈተሻሉ። ቶሎ ይመልሳል? መረጃው መቼ እንደተለካ ይናገራል? ሲበላሽ መበላሸቱን ያምናል? እንደየመልሱ አረንጓዴ፣ ቢጫ ወይም ቀይ ይመደባል። «አላውቅም የሚል ኤፒአይ ከጎበዝ ኤፒአይ ይበልጣል» ይላሉ መምህር ኩዎ፤ ተማሪዎቹ ድምፃቸውን እያስመሰሉ ይስቁባቸዋል። ዩንቺን አትስቅም።

አሥራ አንደኛው ረድፍ የላይኛው ወንዝ መለኪያ ነው። ባለፈው ዓመት የፈተሸችው እሷ ነበረች። ደንቡ አንድ ሙሉ ቀን፣ በየሰዓቱ፣ ሃያ አራት ጊዜ መጠየቅ ነው። ያን ቀን ግን ጓደኞቿ ሲኒማ ቤት በር ላይ እየጠበቋት ነበር። በአሥር ደቂቃ ውስጥ ሦስት ጊዜ ጠየቀችው፤ ሦስቴም 2.31 ሜትር አላት። የማይዋዥቅ፣ የተረጋጋ ነው ብላ አረንጓዴ ቀባችው። ከጎኑም «ሃያ አራት ጊዜ ተፈትሿል» ብላ ጻፈች።

መለኪያው ያኔ ከሞተ ሰንብቷል። የተከለው ድርጅት ተዘግቷል፤ ኤፒአዩ ግን አላውቅም ማለት አልተማረምና የመጨረሻዋን ቁጥር ይዞ ቀረ። ሰሌዳው የሚያሳየው ቀለም እንጂ ቁጥር ስላልነበረ ማንም ልብ አላለም።

ከአሥራ ስድስት ቀን በኋላ አውሎ ነፋሱ መጣ። አባባ ጂን ባለሦስት ጎማ ሞተራቸውን እየነዱ በትምህርት ቤቱ በር ሲያልፉ ቀና ብለው ሰሌዳውን አዩ። አረንጓዴ ነው፤ ወንዙ አልሞላም ማለት ነው። ወንዙ ማዶ ያለውን የዘይቱን እርሻቸውን ሊያዩ በዝቅተኛው ድልድይ ገቡ፤ በዚያው ቀሩ።

የመንደሩ ሰው ተሰብስቦ ጥፋቱ የማን ነው ብሎ ሲጠይቅ የተነሳው ቦካይ ነበር። ከዩንቺን በሁለት ዓመት ይበልጣል፤ ሰሌዳውን የሠራውም፣ በፍተሻዋ ላይ የፈረመውም እሱ ነው። «ያጸደቅኩት እኔ ነኝ» አለ። ዩንቺን ሦስተኛው ወንበር ላይ ተቀምጣ ነበር። አፏን ከፈተች፤ መልሳ ዘጋችው። ዝምታ ወርቅ ነው የሚሉ ሰዎች ያን ቀን እዚያ አልነበሩም።

ቁጥሩ ከዚያ ወዲህ አልለቀቃትም። ክሊኒክ ሄዳ 231 የሚል የወረፋ ወረቀት ቢደርሳት፣ ለማታውቃት ሴት ሰጥታ ትኩሳቷን ይዛ ወደ ቤቷ ተመልሳለች። በወንዙ መንገድ ስትሄድ ከኋላዋ የሞተር ድምፅ ትሰማለች፤ ዞር ስትል ማንም የለም። የባሰው ደግሞ እጇ ነው። በየቀኑ ሳታስበው ያንን ኤፒአይ ትጠይቃለች። አንድ ቀን እንኳ «አላውቅም» ቢላት እፎይ የምትል ይመስላታል። ዛሬም ከሰው ተደብቃ ጠየቀችው።

2.31።

«ልጆች፣ ስሙኝማ!» መምህር ኩዎ አጨበጨቡ። «እማማ ላን ሰሌዳው እንዲመለስ ተስማምተዋል።»

ክፍሉ በጩኸት ተሞላ። እማማ ላን የአባባ ጂን ባለቤት ናቸው፤ እሳቸው እሺ ካሉ እንቢ የሚል አይኖርም።

«ቆይ፣ ቆይ! አንድ ነገር ብቻ ጠይቀዋል።» መምህሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ያ ልጅ እንዳይነካው።»

የትኛው ልጅ ብሎ የጠየቀ የለም፤ ቦካይን ማለታቸው ነው።

«ስለዚህ ቡድኑን ዩንቺን ትመራለች። ዋና ከተማው ታይፔ ላለው የተማሪዎች ውድድርም ሰሌዳውን የምታቀርበው እሷው ናት። ነገ የስምምነቱን ወረቀት ወስደሽ ታስፈርሚያቸዋለሽ፤ አንቺን ይወዱሻል።»

«አለቃ ሆንሽ በቃ!» አለ አጠገቧ ያለው ልጅ። «ጋብዢና! ሙዳችንን አትስበሪ!»

ዩንቺን ፈገግ ለማለት ሞከረች። ፊቷ አልታዘዝ አላት።

ከትምህርት ቤት ስትወጣ በቀጥታ የቦካይ እናት የተፈጨ ጣፋጭ በረዶ ወደሚሸጡበት ቤት ሄደች። ቦካይ ሽርጥ አገልድሞ በረዶ ይፈጫል። ከክበቡ ከወጣ ወዲህ ከሰዓቱን የሚያሳልፈው እዚህ ነው።

«ምን ልስጥሽ? ማንጎ? ቀይ ባቄላ?»

«ምንም።»

«ምንም የሚባለው አልቆብናል። ጠዋት መምጣት ነበረብሽ።»

አልሳቀችም። «ቦካይ፣ ያኔ ሃያ አራት ጊዜ አልፈተሽኩትም።»

እጁ ማሽኑ ላይ ቀረ። «ሦስት ጊዜ» አለ።

«ታውቅ ነበር?»

«ከአደጋው በኋላ መዝገቡን ከፈትኩት። የጠየቅሽበት ሰዓት ሁሉ እዚያ ላይ አለ። ሦስት መስመር ብቻ ነው።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ?»

«ምን ልበል? መዝገቡን ማየት የኔ ሥራ ነበር፤ ሳላይ ፈረምኩ። "እሷ ዋሽታኝ ነው" ብል አባባ ጂን ይመጣሉ?» ጨርቅ አንስቶ የጸዳውን ጠረጴዛ እንደገና መጥረግ ጀመረ። «ተናድጄብሽ ነበር። እውነቱን ልንገርሽ፣ አሁንም እናደዳለሁ። መጥተሽ እስክትነግሪኝ ጠበቅኩሽ። አንድ ወር፣ ሁለት ወር። ከዚያ ታከተኝና ተውኩት።»

ዩንቺን አለቀሰች። ከሐዘኑ ይልቅ እፍረቱ አቃጠላት። እሷ ዓመቱን ሙሉ ስትፈራ የኖረችው የሞቱትን ሰው ነበር፤ በሕይወት ያለው ግን እዚህ ቆሞ ሲጠብቃት ከርሟል።

«እማማ ላን ሰሌዳውን እንዳትነካ ብለዋል» አለችው።

«ሰምቻለሁ። ይህ መንደር ወሬ ይደብቃል እንዴ?»

«እነግራቸዋለሁ። አንተ እንድትመለስ...»

«ለኔ ብለሽ ከሆነ ተይው፣ አቦ። ለራስሽ ከሆነ ደግሞ እኔን ምን አስጠየቀሽ?»

በማግስቱ ጠዋት ዩንቺን ኮምፒውተር ክፍሉ እንደተከፈተ ገባች። አሥራ አንደኛውን ረድፍ ቀይ አደረገችው። አስተያየት በሚለው ሳጥን ውስጥ «ባለፈው ዓመት የተፈተሸው ሦስት ጊዜ ብቻ ነው። ሃያ አራት ብዬ የጻፍኩት እኔ ዩንቺን ነኝ» ብላ ጻፈች። ደጋግማ አነበበችው፤ ከዚያ ለመምህር ኩዎ ላከችው። ወረቀቱን ይዛም ወደ ወንዙ ሰፈር ወረደች።

እማማ ላን በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው ዘይቱን ይከትፋሉ።

«ነይ ነይ፣ የኔ ጎበዝ! አለቃ ሆነሻል አሉ። እሰይ! ወረቀቱን ወዲህ በይው፤ ብቻ መነጽሬን የት ጣልኩት?»

«ገና አይፈርሙ፣ እማማ።»

«እንዴት? ምን ሆነሻል? ፊትሽ አመድ መስሏል፤ ቁርስም አልበላሽ።» ከከተፉት ዘይቱን ሳህን ሞልተው ወደ እሷ ገፋ አደረጉት። «በይ መጀመሪያ ቅመሺ፤ ትናንት ነው የለቀምኩት።»

ዩንቺን ሳህኑን በሁለት እጇ ይዛ መልሳ ወደ መሃል አስቀመጠችው።

«መጀመሪያ የምነግርዎት ነገር አለ» አለች። «ከሰሙኝ በኋላም ብዪ ካሉኝ እበላለሁ።»

እማማ ላን ትኩር ብለው አዩዋት። ከዚያ ቢላዋውን ጠረጴዛው ላይ አኖሩና እጃቸውን በልብሳቸው ጠርገው፣ «እሺ፣ ንገሪኝ» አሏት።