ለወሬኛዋ የተሠራው ክፍል

አናጢው ሞቶ የተገኘው ለአንዲት ዶሮ ብሎ በሠራው ክፍል ውስጥ ነው።

መርማሪዋ ስትደርስ ማንም ከቦታው አላንቀሳቀሰውም ነበር። ዝቅ ባለች በርጩማ ላይ ተቀምጦ፣ ራሱን ግድግዳው ላይ ጣል አድርጎ፣ ሥራ አድክሞት ያሸለበ ሽማግሌ ይመስላል። ጉንጮቹ ቀልተዋል።

«ከሰል ነው» አላት ሐኪሙ ጓንቱን እያወለቀ። «ዝግ ቤት ውስጥ ሲነድ የሚወጣውን ነው የሳበው። አልተሠቃየም። እንቅልፍ ወስዶት ነው የሄደው።»

«ከሰሉስ የታል?»

«እሱን እንግዲህ አንቺ ፈልጊ።»

ክፍሉ ውስጥ ከሰል ቀርቶ አመድ አልነበረም። አንድ ሰው አስገብቶታል፤ አንድ ሰው ደግሞ አውጥቶታል ማለት ነው።

ጣቢያ ውስጥ «ለምን» እያሉ ነው የሚጠሯት። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ስትጠይቀው የኖረችው ቃል ስም ሆኖባት ቀርቷል። ከአፏ ሳታወጣው ክፍሉን ዞረችው።

ድሮ የጣውላ ማስቀመጫ የነበረች፣ ከቤቱ ጀርባ ያለች ጠባብ ክፍል ናት። ግድግዳዋ ድርብ ነው፤ በሁለቱ ጣውላ መካከል ሰጋቱራ ተጠቅጥቆበታል። በሯም ሁለት ነው። የውጪውን ከፍተው ሲገቡ አንድ እርምጃ የምታህል ቦታ አለች፤ ከዚያ የውስጡ በር ይከተላል፤ ከሥሩ የጣት ስፋት ክፍተት ተትቶለታል። ከጣሪያው ሥር ቡጢ የምታህል የአየር ቀዳዳ አለች፤ በመሀረብ ተደፍናለች። መርማሪዋ መሀረቡን ሳበችው። ከውስጥ ወደ ውጪ የተገፋ ነው፤ አሁንም እርጥብ ነው።

ጥግ ላይ ጭድ የተነጠፈበት ሳጥን አለ። ወለሉ ተጠርጎ አንዲት ኩስ እንኳ የለበትም። እንቁላልም የለም፤ ዶሮም የለችም። ከበርጩማዋ በላይ፣ የሟቹ ራስ ባረፈበት ቦታ፣ ጣውላው ከሌላው ይልቅ ጠቁሮ ወዝቷል። አንድ ቀን የተደገፉት እንጨት እንዲህ አይሆንም።

ስትወጣ በሁለቱ በሮች መካከል ጎንበስ አለች። ወለሉ ላይ ሦስት ትንንሽ የተቃጠሉ ነጥቦች አሉ። ሽታቸው ገና አልጠፋም።

ጎረቤቲቱ ነርስ የሌሊት ልብሷን ሳትቀይር ወጥ ቤቷ ውስጥ ተቀምጣ ነበር። ጩኸት ሰምታ ቀድማ የደረሰች እሷ ናት።

«ሦስት ጊዜ አመልክቻለሁ፤ አልክድም» አለች ሳትጠየቅ። «ሌሊቱን ሙሉ በሽተኛ ሳገላብጥ አድሬ፣ አንድ ሰዓት ላይ ገብቼ ጋደም ስል እሷ ትጀምራለች። አንዲት እንቁላል ጥላ ሰፈሩን በሙሉ ለምስክርነት ትጠራለች።»

«አንገቷን እጠመዝዘዋለሁ ብለሻል አሉ።»

«የሷን ነው ያልኩት፤ የሳቸውን አላልኩም። ጋሼ እኮ ያንን ክፍል የሠሩት ለኔ ብለው ነው። ‹ዶሮ መንጋቱን ካላየች አትጮህም፤ ብትጮህም እዚያው ለራሷ ነው› አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ሦስት ሰዓት ላይ እስኪያወጧት ድረስ ሰላም ነው የምተኛው።»

«ለምን አላረዷትም?»

«የልጃቸው ናት። ከጫጩትነቷ ጀምራ ያሳደገቻት ልጅቷ ናት፤ ወሬኛዋ ብላ ስም ያወጣችላትም እሷ። ዶሮዋ ስትጮህ ‹መጣሁ፣ መጣሁ› እያለች ነበር የምትሮጠው። ካረፈች ዓመት ከሁለት ወር ሆናት፤ ሕመሟ ሦስት ሳምንት አልፈጀም። እኔ በምሠራበት ክፍል ነው ያረፈችው።» ጣቶቿን አቆላለፈች። «እናቷ፣ እትዬ፣ ራሳቸውን እስኪስቱ አለቀሱ። ጋሼ ግን አንዲት ዘለላ እንባ አልወጣቸውም። ሰው ታዝቧቸዋል።»

ግቢው በር አጠገብ ባለችው ክፍል የሚኖረው ተከራይ ልብስ ሰፊ ነው። መርማሪዋ ስትገባ ቀድማ ያየችው ጠረጴዛው ላይ ያለውን ካውያ ነው።

«ካውያህ የከሰል ነው?»

«መብራት ሲፈልግ ይመጣል፣ ሲፈልግ ይቀራል። ከሰል ጨዋ ነው፤ ሲጠሩት አቤት ይላል።»

«ዶሮዋ የት ገባች?»

መቀሱን አነሳና መልሶ አስቀመጠው። «እኔ የዶሮ ዘበኛ ነኝ እንዴ?»

ከጠረጴዛው ሥር ባዶ ዘንቢል አለ። መርማሪዋ ከውስጡ አንዲት ቡናማ ላባ አውጥታ ጨርቆቹ ላይ አኖረችለት። «ይኼስ? ለኮት ገበር ነው?»

ልብስ ሰፊው ላባውን በቁራጭ ጨርቅ ሸፈነው።

አለቃዋ በስልክ ሁሉን ሰማና ነገሩን ቆረጠው። «ከሰል አለው፣ ዋሽቷል፣ ዶሮዋን ሰውሯል። ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ? እስከ ስድስት ሰዓት ይዘሽው ነይ።»

«ካውያ እግር የለውም» አለች። አለቃው ግን ዘግቶት ነበር።

የአናጢው ሚስት አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ የሌላ ሰው እጅ ይመስል ታያቸዋለች። መርማሪዋ ወንበር ስባ ከፊቷ ተቀመጠች፤ ዝቅ ባለ ድምፅ ነው የጠየቀቻት።

«ዛሬ ከቤት ስንት ሰዓት ወጡ?»

«ሲነጋጋ። ዓመት ሙሉ እንደዚያ ነው። ሐኪም ተራመድ ብሎኛል እያለ ለእግር ጉዞ ይወጣል፤ በሁለት ሰዓት ይመለሳል።» ከአልጋው ሥር ወዳሉት ጫማዎች በዓይኗ አመለከተች። «ለጉዞው ብሎ ነው የገዛቸው። ዛሬ እንኳ ሳያደርጋቸው ነው የወጣው።»

መርማሪዋ አንዱን አንስታ ገለበጠችው። የሶሉ ጥርሶች ከሱቅ እንደወጡ ናቸው።

«ዶሮዋን ዛሬ ጠዋት ሰምተዋታል?»

«ሰማኋት» አለች ሴትየዋ ቶሎ። «ታፍና፣ ቁርጥ ቁርጥ እያለች ነበር የምትጮኸው። ሁለት ሰዓት ላይ ላያት ብሄድ እሱን አገኘሁት።»

በወጥ ቤቱ በኩል ስታልፍ መርማሪዋ አንድ ነገር አየች። ሦስት እግር ያለው የብረት ምድጃ ግድግዳ ሥር ተደፍቷል፤ ታጥቦ ውሃው ገና ይንጠባጠባል። ባል በሞተ ጠዋት ምድጃ የሚያጥብ ማን ነው?

ከልብስ ሰፊው የምትደውል የጠረጴዛ ሰዓት ተዋሰች። ዶሮዋ ክፍል ውስጥ አስቀምጣ፣ መሀረቡን ወደ ቀዳዳው መልሳ ሁለቱንም በር ዘጋች። መኝታ ቤት ሆና አዳመጠች፤ ምንም አይሰማም። ግቢው መሀል ቆመች፤ ምንም። የውጪውን በር ከፍታ በሁለቱ በሮች መካከል ስትቆም ነው ደወሉን የሰማችው፤ ታፍኖ፣ ቁርጥ ቁርጥ እያለ። ሰዓቷ ደክማ ዝም እስክትል እጇን እንጨቱ ላይ አድርጋ ቆየች። ነገሩ ገባት። ባይገባት ትመርጥ ነበር።

አምስት ሰዓት ላይ ሦስቱንም ግቢው ውስጥ፣ የአናጢው መሥሪያ ጠረጴዛ አጠገብ ሰበሰበቻቸው። ነርሷ የሟቹን ሚስት ደግፋ አስቀመጠቻት። ልብስ ሰፊው ቆሞ ቀረ።

«በአንድ ሰዓት ውስጥ ይህን ሰው ይዤ እንድመጣ ታዝዣለሁ» አለች መርማሪዋ። «ከሰል ስላለውና ስለዋሸ። ከሰሉ የነደደው ግን በሁለቱ በሮች መካከል ነው። ወለሉ ላይ የሦስት እግር ቃጠሎ አለ። ካውያ ቢሆን ወለሉን በሙሉ በላው ነበር። በዚህ ግቢ ሦስት እግር ያለው አንድ ምድጃ ነው። እሱም ዛሬ ጠዋት ታጥቧል።»

ነርሷ እጇን ከሴትየዋ ትከሻ ላይ ልታነሳ ብላ ተወችው።

«እትዬ፣ ዶሮዋን ሰማሁ ብለውኛል። አልጋ ላይ ሆኖ አይሰማም፤ ሞክሬዋለሁ። የሚሰማው እዚያች ጠባብ ቦታ ላይ ለቆመ ብቻ ነው።»

«ልጁን ተዪው» አለች ሴትየዋ። «ምድጃው የኔ ነው። ያስገባሁትም እኔ ነኝ።»

ልብስ ሰፊው «እትዬ» ብሎ አንድ እርምጃ ወደ እሷ ተጠጋ።

«ለዶሮዋ ነው» አለች ሴትየዋ ወደ መሬት እያየች። «በጮኸች ቁጥር ‹መጣሁ› የሚላት ጠፋ። በየቀኑ ልጄ እንደገና ትሞትብኛለች። እሱ ደግሞ የልጄ መታሰቢያ ናት ብሎ ይንከባከባታል፤ አስወግዳት ማለት እንዴት ይቻለኛል? አንገቷን መንካትም አቃተኝ። በእንቅልፏ የሞተች ይመስለዋል ብዬ አሰብኩ። የውስጡን በር አልከፈትኩም፤ እሷን ማየት አልፈለግኩም። ምድጃውን አስቀምጬ፣ ዘግቼ ሄድኩ። ኋላ ተመልሼ ምድጃውን አውጥቼ አጠብኩት፤ የውስጡን በር የከፈትኩት ከዚያ በኋላ ነው።» ቀና አለች። «አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ፣ ልጄ። እሱ እዚያ ምን ይሠራ ነበር? ጉዞ ላይ ነበር እኮ።»

መርማሪዋ ወደ ልብስ ሰፊው ዞረች። «ሳጥኑ ባዶ ነው፤ ከተጠረገ ወዲህ ወለሉ ላይ ዶሮ አልዋለችም። ዶሮዋ ዛሬ ጠዋት እዚያ አልነበረችም። ቃል የሰጠኸው ሰው ሞቷል። ተናገር።»

«እናቴ ጋ ናት» አለ። «ትናንት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ በዘንቢል አድርጌ በአውቶቡስ ወሰድኳት። መንገዱን ሁሉ ስትጮህ፣ ተሳፋሪው ‹ምን ብታደርጋት ነው እንዲህ የምትከስህ?› እስኪለኝ። ጋሼ ናቸው ያሉኝ። ‹ባለቤቴ ወሬኛዋ ስትጮህ ጆሮዋን በትራስ ስትደፍን አየኋት። ለካ እስከዛሬ የቻለቻት ለኔ ብላ ነው። ነገ ጠዋት ራሴ እነግራታለሁ፤ አንተ አትንገራት› አሉኝ።»

«አልነበረችም?» አለች ሴትየዋ።

«አልነበረችም፣ እትዬ።»

«ታዲያ እኔ የሰማሁት…»

መርማሪዋ ጫማዎቹንና መሀረቡን መሥሪያ ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

«እነዚህ ጫማዎች አንድም ቀን አልተራመዱም። ባለቤትዎ በየጠዋቱ የሚሄዱት ወደዚያች በርጩማ ነበር፤ የተደገፉት ግድግዳ ወዝቷል። ቀዳዳዋን በመሀረባቸው የደፈኑት ከውስጥ ሆነው ራሳቸው ናቸው። ለዶሮዋ የሠሩትን ክፍል ለራሳቸው ሲጠቀሙበት ኖረዋል። እርስዎ እንዳይሰሟቸው።»

ሴትየዋ መሀረቡን አንስታ በሁለት እጇ ያዘችው። ሰው ሁሉ ጩኸት ጠበቀ። እሷ ግን በጣም ዝግ ባለ ድምፅ ነው የተናገረችው።

«አላለቀሰላትም ብዬ ቂም ይዤበት ነበር።»

መርማሪዋ ስልኳን አውጥታ ለአለቃዋ ደወለች። «ልብስ ሰፊውን አልያዝኩም» አለችው። ለምን ሲላት፣ ያ ቃል በሰው አፍ እንዲህ የከበዳት ጊዜ አልነበረም። «ስመጣ እነግርሃለሁ» ብላ ዘጋችው። ከዚያ ሴትየዋን ክንዷን ይዛ አስነሳቻት። ግቢው በር ላይ ሲደርሱ ሴትየዋ ወደ ነርሷ ዞረች።

«ወሬኛዋን ትይዣታለሽ?»

«እይዛታለሁ፣ እትዬ።»

«ትረብሽሻለች እኮ።»

«ትረብሸኝ።»

በአራተኛው ቀን መርማሪዋ ጫማዎቹን ወደ ቤቱ ልትመልስ መጣች። ጊዜው ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ነው። የክፍሉ ሁለት በሮች ተከፍተዋል፤ ሰጋቱራው ከግድግዳው ሥንጥቅ እየፈሰሰ ነው። ልብስ ሰፊው ከውጪ ሆኖ አየር እንዲገባበት ጣውላ ይነቅላል።

ከአጥሩ ማዶ ወሬኛዋ ጀመረች። ሰፈሩን ለምስክርነት እየጠራች፣ አላባራ አለች። ልብስ ሰፊው መዶሻውን አውርዶ ቆመ። የነርሷ መስኮት ተከፈተ፤ ፀጉሯ ተበታትኗል፣ ዓይኖቿ ከእንቅልፍ አልተላቀቁም።

«መጣሁ» አለች ነርሷ። «መጣሁ፣ መጣሁ።»