በደረሳ ክንድ ልክ

«ሀርሜ፣ ዝቅ በይልኝ እንጂ፤ አልደርስም!»

ሎሚ የእናቷን ሻሽ ከኋላ እያሰረችላት ነበር። ዲንቂቱ ሻሿን ለማንም አሳስራ አታውቅም። ዛሬ ጠዋት ግን ቀኝ እጇ ከትከሻዋ በላይ አልነሳ አላት።

«ማሽኑ ነው እንዲህ ያደረገሽ።»

«ማሽኑ ምን በወጣው፣ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ? እርጅና ነው።»

«በአርባ ዓመት እርጅና አለ እንዴ?»

የልብስ ማጠቢያ ማሽኑን ለዲንቂቱ የተወችላት አገር ለቃ የሄደች የሚሲዮን ነርስ ናት። ሞተሩ ሲቃጠል ጓሮ ተጣለና የዶሮ መፈልፈያ ሆነ። ዶሮዎቹን አስወጥቶ ነፍስ የዘራበት የሎሚ ታላቅ ወንድም ደረሳ ነው። ከአሮጌ ብስክሌት ሁለት ጥርሳም ክብ ብረቶችና ካቴና አመጣ፤ ብረቶቹን የሚሸከም ዋንዛ ጠረበ፤ ማሽኑንም በእጅ የሚዞር አደረገው።

ያን ጊዜ ቅዳሜ ደስ ይል ነበር። ደረሳ እጅጌውን ሰብስቦ ሲያዞር ማሽኑ ይንደቀደቃል፣ አረፋው ገንፍሎ ጓሮውን ያለብሰዋል። የሰፈር ልጆች አጥር ላይ ተንጠላጥለው «ባቡሩ ተነሳ!» እያሉ ይጮኻሉ። ነቀምቴ ውስጥ ባቡር አይቶ የሚያውቅ ልጅ አንድም አልነበረም። ዲንቂቱ ደግሞ ከቤት ብቅ ብላ «ልብስ እጠብ አልኩህ እንጂ ጤፍ ፍጭ አልኩህ?» ትለዋለች፤ ሁሉም ይስቃል። ሎሚ ያ ሳቅ በጣም ይናፍቃታል።

ከዚያ ብሔራዊ ውትድርና መጣና ደረሳን ወሰደው። መንገደኛው በሰላም እንዲመለስ በወጣበት ቀን ቤት አይጠረግም። ዲንቂቱ ቤቱን በማግስቱ ጠረገች፤ ማሽኑ ያለበትን ዳስ ግን እስከ ዛሬ አላስጠረገችም። ደረሳ ዋንዛውን ሲጠርብ የረገፈው ፍቅፋቂ አሁንም መሬቱ ላይ እንዳለ ነው። የሠራውንም ማንም እንዲነካ አትፈቅድም። የአውቶቡስ ተራውን ሆቴል አንሶላ የምታጥበው ግን በዚሁ ማሽን ነው፤ የምታዞረውም እሷው ናት።

«የጥርሳም ብረቶቹን ቦታ ልለዋውጠው» አለች ሎሚ ሻሹን አስራ እንደጨረሰች። «ፊዚክስ ላይ ተምረነዋል። አሁን ትልቁ ትንሹን ነው የሚያዞረው፤ ይፈጥናል፣ ግን ይከብዳል። ትንሹ ትልቁን ቢያዞር ቀስ ይላል እንጂ ይቀልሻል።»

«ተይው አልኩሽ። የሠራው ሲመጣ ይነካዋል።»

«ካልመ…»

ሎሚ ምላሷን ነከሰች። ያልጨረሰችውን ሁለቱም ሰምተውታል። ዲንቂቱ ነጠላዋን አንስታ ለጸሎት ወጣች። ቤተ ክርስቲያኑን መንግሥት ካሸገው ወዲህ ጸሎቱ በየጎረቤቱ ቤት ነው፤ ያውም በሹክሹክታ።

ሎሚ ብስክሌት ወደሚያከራየውና ወደሚጠግነው ወደ ረዲ ሄደች። ረዲ ጉራጌ ነው፤ ሰላምታው ግን ሁልጊዜ በኦሮምኛ ነው።

«አከም ቡልቴ፣ ሎሚዬ? የደረሳ ወሬ አለ?»

«የለም፣ ጋሼ። መፍቻ ያውሱኝ። ማሽኑ የሀርሜን ትከሻ ፈጀው።»

ረዲ ዘይት የነካ እጁን በጨርቅ ጠረገ። «ብዬው ነበር እኮ! እዚህ ቁጭ ብሎ ሲገጥም፣ ‹አንተ ልጅ፣ ይሄ ለእናትህ ይከብዳል› አልኩት። ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? ‹እኔ እያለሁ እሷን ማን ሊያስነካት!›»

ሎሚ ሳቀች፤ ሳቋ ሳያልቅ እንባዋ መጣ። ወንድሟ ማሽኑን የሠራው በራሱ ክንድ ልክ ነበር። ቤቱ ውስጥ ግን ያ ክንድ የለም።

መፍቻውን ይዛ ቤት ስትደርስ ዳሱ በር ላይ ቆማ አመነታች። ብትነካው ደረሳ አይመጣም ማለት መሰላት። ባትነካው ደግሞ የእናቷ ክንድ አለ። ፍቅፋቂው እንዳይበተን ጠርዙ ላይ ተንበረከከች። ብሎኑ ዝጎ ኖሮ መዳፏን ላጠው፤ በስንት መከራ ተፈታ። ብረቶቹን ለዋውጣ ካቴናውን እንደመለሰች ቀና ስትል እናቷ ከበላይዋ ቆማለች።

ዲንቂቱ አልተቆጣችም። በታመመው እጇ መዘወሪያውን ያዘችና አዞረችው። ማሽኑ አልተንደቀደቀም። ቀስ ብሎ፣ ሳያስቸግር ዞረ።

«ድምፁ የእሱ አይደለም» አለች።

«አይደለም፣ ሀርሜ።»

ደግማ አዞረችው። ትከሻዋን አላመማትም። «ሲመጣ ይስቅብናል። ‹ባቡሬን አስተኛችሁት?› ይለናል።»

«ይበል። ያኔ ራሱ ይመልሰዋል።»

ዲንቂቱ ወደ ቤት ገባች። ሎሚ ብሎኑን ልታጠብቅ ስትል እናቷ የቫዝሊን ቆርቆሮ ይዛ ተመለሰች።

«መጀመሪያ ቀቢው» አለቻት። «ዝጎ እንዳያስቸግረው።»

ሎሚ ብሎኑን ደህና አድርጋ ቀባችው፤ ከዚያ አጠበቀችው። መፍቻውን ለረዲ ስትመልስ አንድ አሮጌ እንዲፈልግላት ትለምነዋለች። እዚሁ ዳሱ ምሰሶ ላይ ትሰቅለዋለች፤ ደረሳ ሲመጣ መፍቻ ፍለጋ እንዳይወጣ።