አርባኛው ሜትር

ቅዠት ነው የሚለኝ ይበል። እኔ ግን በጠራራ ፀሐይ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ፣ በዓይኔ በብረቱ ያየሁትን ነው የምነግራችሁ።

ሥራዬ የጋዝ ቧንቧ ላይ ስንጥቅ መፈለግ ነው። የልብስ ካውያ የሚያህል መሣሪያ ብረቱ ላይ እየገፋሁ፣ ከመሬት በታች ባለ ጠባብ መተላለፊያ በእንብርክኬ እሄዳለሁ። መሣሪያው ብረቱን በማግኔት ይፈትሻል። ስንጥቅ ካገኘ፣ በረጅም ገመድ የተያያዘው መኪና ውስጥ ያለ ስክሪን ላይ መስመሩ ይዘላል።

ስክሪኑን የሚያየው የእህቴ ባል ነው። ጋሼ እለዋለሁ። በሬዲዮ «ንጹህ» ሲለኝ አንድ ሜትር እገፋለሁ፤ ካላለ ንቅንቅ አልልም። ስድስት ዓመት ሙሉ ነፍሴን ለዚያች ቃል አደራ ሰጥቼ ኖሬያለሁ።

የዚያን ቀንም «ጋዙን ዘግቼዋለሁ፣ ግባ» አለኝ።

አርባኛው ሜትር ላይ...

«ንጹህ።»

ገና መሣሪያውን አልገፋሁም ነበር።

ልቤ ጠረጠረ። መሣሪያውን ከብረቱ አንስቼ አየር ላይ ያዝኩት። እንዲህ ሳደርግ መስመሩ ዝብርቅርቁ ስለሚወጣ፣ ሁሌም «ምን ነካህ፣ መልሰው» ይለኛል።

«ንጹህ። ቀጥል።»

ጣቶቼ ላይ ቀዝቃዛ ትንፋሽ አረፈ... ከቧንቧው ነው። ሽታው ሰነፈጠኝ። ጋዙ አልተዘጋም። አንዲት ብልጭታ ብትነሳ እኔም፣ ከላዬ ያለው ሰፈርም አለቀልን።

«ጋሼ... እዚህ ስንጥቅ አለ» አልኩ በሹክሹክታ።

«የለም። ቀጥል።»

መሣሪያውን እዚያው ትቼ ወጣሁና መኪናው ጋ ሄድኩ።

ስክሪኑ ጠፍቷል። ጭራሽ አልተከፈተም። ጋሼ ጉልበት ላይ የዛሬ ቀን የተጻፈበት፣ ተሞልቶ ያለቀ ሪፖርት አለ። «ስንጥቅ የለም» ይላል። ከሥሩ የእኔ ፊርማ... እኔ ያልፈረምኩት።

«ታውቅ ነበር?»

«ስንጥቁን ባለፈው ወር አይቼ ዝም ብያለሁ። ከታወቀ የምታሰረው እኔ ነኝ። በአንተ ፊርማ ከሆነ ግን...»

«ታዲያ ለምን አስገባኸኝ?»

«ስትገባ የሰፈሩ ዘበኛ እንዲያይህና እንዲመሰክር።»

ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ ሲባል እሰማ ነበር። እህቴን መርቄ የሰጠሁት እኔ ነኝ። እንባዬ መጣ፤ አላፈርኩበትም።

ሰፈሩን እናስወጣ ልለው አፌን ስከፍት፣ ጋሼ ክንዴን ጨመደደኝ።

«ማን አለ ውስጥ?»

«ማንም።»

የመሣሪያው ገመድ እኔ ወደ ወጣሁበት ጉድጓድ እየተሳበ ነበር። አንድ ሜትር ያህል ገባ... ቆመ። ፈቃድ የሚጠብቅ ይመስላል።

ጋሼ ሬዲዮውን አጠፋው።

«ንጹህ» የሚል ሰው ሳይኖር፣ ገመዱ ሌላ አንድ ሜትር ገባ...