ሦስት ቋጠሮ

ባለቅሉ ከቅሉ ሐረግ ዳስ ሥር በጀርባው ተንጋሎ ሞቶ ተገኘ። መሰላሉ አጠገቡ ወድቋል። በቀኝ እጁ የጠወለገ ነጭ አበባ፣ በግራው ሦስት ቦታ የተቋጠረ ቀይ ክር ጨብጧል።

መርማሪዋ ክሩን አየች፤ ቀና ብላም ዳሱን አየች። አበባው ሁሉ ተኮማትሯል።

ከቀትር በኋላ ለሥራ መጥታ ሬሳውን ያገኘችው ቅል ፋቂዋ ደጃፉ ላይ ቆማለች። ግድግዳ የሚጋራው የሟቹ ታናሽ ወንድም ጣቱን ቀስሮባታል።

«ቀትር ላይ በዓይኔ በብረቱ አይቼዋለሁ! መሰላል ላይ ሆኖ አበባ ካበባ ሲያሻሽ ነበር። ከዚያ ወዲያ ከሷ በቀር ማን ገባ?»

«እኔን ካሰራችሁኝ የታመመውን ልጄን ማን ያየዋል?» አለች ሴትዮዋ። «ትናንት ሐኪም ቤት ይዤው ውዬ እዚያው አድሬ ነው የመጣሁት።»

መርማሪዋ ስልክ ደውላ ይህን አጣራች። ከዚያም ሁሉንም ዳሱ ሥር ሰበሰበች፤ ለገበያ ወጥታ አድራ ገና የገባችው የሟቹ ልጅም ዓይኗ አብጦ ቆማለች።

«የቅል አበባ መቼ ነው የሚፈካው?» ስትል መርማሪዋ ልጅቷን ጠየቀቻት።

«ሲመሻሽ። ፀሐይ ሲጠነክር ይከደናል። አባዬም ፍሬ እንዲይዝ ወንዱን አበባ ከሴቷ የሚያሻሸው ሲመሻሽ ነው፤ ያሻሻትን አበባ ደግሞ ማንም እንዳይቀጥፋት በክር ያስራታል።»

«እንግዲህ ቀትር ላይ የሚሻሽ አበባ የለም» አለች መርማሪዋ። «ሰውየው አበባና ክር እንደያዘ የወደቀው ትናንት ሲመሻሽ ነው። ልጅቷ ገበያ፣ ይቺ ሴት ሐኪም ቤት ነበሩ። ዛሬ አየሁት ያልከው አንተ ነህ። ሞቱን ወደ ዛሬ ያመጣኸው በሷ ላይ ለመለጠፍ ነው። ለምን ገደልከው?»

ወንድምየው ላብ አጠመቀው። «ሐረጉ ጣሪያዬን ጨረሰው! ቁረጠው እያልኩ አፌ እስኪደርቅ ለመንኩት። ትናንት ደግሞ ሳቀብኝ! መሰላሉን ነቅነቅ ነው ያደረግኩት... ልገድለው አልነበረም።»

ቅል ፋቂዋ እዬዬ ብላ መሬት ላይ ተቀመጠች። መርማሪዋ ግን ክሩን ለልጅቷ ዘረጋች።

«ቋጠሮውስ?»

«የባለቤቱ ምልክት ነው። ለጋው ለምግብ፣ የደረቀው ለውሃ መያዣ፣ ለጭልፋ፤ ማን ምን እንደሚደርሰው አባዬ በቋጠሮ ነው የሚለየው። አንድ ለገበያ፣ ሁለት ለእኔ...» ወደ ወንድምየው ዞረች። «ሦስት ለአጎቴ። የውሃ ቅሉ ስለተሰነጠቀበት በጣሪያው በኩል የምታፈራውን ትልቋን ቅል ሊሰጠው ነበር። እሷ ከደረሰች በኋላ በዚያ በኩል ያለውን ሐረግ ሊቆርጥ አስቦ ነበር፤ እስከዚያ ግን እንዳትነግሪው ብሎኛል።»

ወንድምየው ቀና አለ። ክር ያልታሰረላት አበባ በጣሪያው ጠርዝ ላይ ተኮማትራ ተንጠልጥላለች።

«ለዚህ ነው እንዴ የሳቀው?» አለ።