ኢላማው ዞሮ ነበር

ሮባ ያለው ይህን ነው፦ ኢላማው ፊቱን ወደ እሱ አዞረ፣ እሱም ተኮሰ። ኢላማው ሲዞርልህ ተኩስ፣ በጎኑ ሲቆም ጠመንጃህን ዝቅ አድርግ፤ የተኩስ ክበቡ ሕግ ይኸው ነው። ከሕጉ አልወጣም።

አዶኒያስ ያለው ደግሞ ይህን ነው፦ ኢላማው በጎኑ ቆሞ ነበር። ኢላማውን የሚያዞረውን ማሽን በገዛ እጁ አጠፋው። ከዚያ ወረቀቱን ሊቀይር እጁን ሲዘረጋ ሮባ እያየው ተኮሰ።

ፋዲላ የወጣት ማዕከሉን በር ገፍታ ስትገባ ሁለቱ ይህንን አንዱ በሌላው ላይ እየጮኹ ይናገሩ ነበር። ሐሙስ ከሰዓት ነው። የኬሚስትሪ ማካካሻ ፈተና ስለነበረባት አርፍዳለች። አዶኒያስ ቀኝ እጁን በፎጣ ጠቅልሎ አሮጌ የመኪና ጎማ ላይ ተቀምጧል። የአየር ጠመንጃ ጥይት ከሽምብራ ታንሳለች፤ ቢሆንም የእጁን ጀርባ ሰንጥቃ ስላለፈች ፎጣው ላይ ደም ይታያል።

አሰልጣኛቸው ሃምሳ አለቃ ጎበና ከሠራዊቱ በጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ሲቆጡ ድምፃቸው ዝቅ ይላል። አሁን እሳቸውን ለመስማት ጠጋ ማለት ያስፈልግ ነበር።

«እጁን አላየህም?» አሉት ሮባን።

«አላየሁም ጋሼ። ግራ ዓይኔ ተሸፍኗል።» ከኮፍያው ጠርዝ የተንጠለጠለችውን ካርቶን ነካ አደረጋት። ሲያነጣጥሩ አንድ ዓይን መጨፈን ስለሚያደክም ሁሉም ተኳሾች እንዲህ ያደርጋሉ። «እሱ ደግሞ ከጎማው ክምር ጀርባ ነበር። ዞረልኝ፣ ተኮስኩ። ዱጋ፣ እውነቴን ነው።»

«የጠፋ ነገር በምን ይዞራል?» አለ አዶኒያስ። «ጂኒ አዞረው?»

ሃምሳ አለቃ ወደ ፋዲላ ዞሩ። ማሽኑን የሠራችው እሷ ናት። ከአባቷ ጋራዥ የወሰደችው የአሮጌ አይሱዙ የመስታወት መጥረጊያ ሞተር፣ አንድ የመኪና ባትሪ፣ ከተጣለ የልብስ ማጠቢያ የተፈታ ሰዓት ቆጣሪና ከተሰበረ ወንበር የተቆረጠ ብረት፤ በቃ ያ ነው። ሞተሩ ኢላማውን ወደ ተኳሹ ያዞረዋል፣ ጥቂት አቆይቶ በጎኑ ይመልሰዋል። እሷ ከጎማዎቹ ጀርባ ተቀምጣ ታበራለች፣ ታጠፋለች፣ ወረቀት ትቀይራለች። ቅዳሜ ከሞጆና ከዱከም የሚመጡት ቡድኖች ለማየት የጓጉት ይህንኑ ነው። ዛሬ ግን እሷ ስለሌለች አዶኒያስ በቦታዋ ተቀመጠ።

«ፋዲላ፣ ከጠፋ በኋላ ይንቀሳቀሳል?»

«አይንቀሳቀስም ጋሼ» አለች ወዲያው። «ከጠፋ ጠፋ ነው።»

ሃምሳ አለቃ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ሮባ፣ እስከ ነገ ከሰዓት ጊዜ አለህ። ሳላይ ቸኩዬ ተኮስኩ ካልከኝ ተቀጥተህ ትቀጥላለህ። የተሳሳተ ይታረማል። ይህንኑ ከደገምክልኝ ግን ጠመንጃ ከእኔ እጅ አትቀበልም። ውሸታም አላስተኩስም።»

ሮባ ፋዲላን አያት፤ አንድ ነገር እንድትጨምር የሚጠብቅ ይመስል ነበር። ስትቆይበት ቦርሳውን አንግቦ ወደ ወንጂ የሚሄድ ሚኒባስ ሊጠብቅ ወጣ።

አርብ ጠዋት ፋዲላ ታክሲ ውስጥ ከሹፌሩ አጠገብ ተቀምጣ ወደ ትምህርት ቤት ስትሄድ ነፋሱ የአዳማን አቧራ ሁሉ መስታወቱ ላይ ለጠፈው። ሹፌሩ ውኃ ረጨና መጥረጊያውን አበራ። አንድ ሁለቴ ከጠረገለት በኋላ አጠፋው። ሲያጠፋው መጥረጊያዎቹ መስታወቱ መሃል ላይ ነበሩ። እዚያ አልቆሙም። ቀስ ብለው ወርደው ከታች ተኙ።

ፋዲላ መስታወቱ ላይ አፈጠጠች።

«ይቅርታ፣ እንደገና ያብሩት እስቲ። መሃል ላይ ሲደርስ ያጥፉት።»

«ምነው፣ ሲኒማ መሰለሽ?» አለ ሹፌሩ። ግን አደረገላት። መጥረጊያዎቹ መሃል ላይ ሳይቆሙ ወርደው ተኙ።

ቀኑን ሙሉ መምህራኑ የተናገሩት አንድም ነገር ጆሮዋ አልገባም። ከትምህርት ቤት እንደወጣች ወደ ማዕከሉ ሮጠች። ጠመንጃዎቹ ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፈዋል፤ ሜዳው ላይ ማንም የለም። ማሽኑን አበራችው። ኢላማው በጎኑ ሲቆም ጠብቃ አጠፋችው።

ኢላማው ዞሮ ፊት ለፊት አያት።

ደገመችው። ዞረ። ሞተሩ የተሠራው ሲጠፋ ባለበት እንዲቆም አይደለም፤ ማረፊያው እስኪደርስ እንዲሄድ ነው። ለዚህም በማጥፊያው ሳያልፍ በቀጥታ ከባትሪው የሚመጣ ቀጭን ሰማያዊ ገመድ አለው። ኢላማው ሲያርፍ ወደ ፊት እንዲዞር ያደረገችው ደግሞ ራሷ ናት፤ ወረቀት ለመለጠፍ እንዲመች። እሷ ስትሠራ ይህ አጋጥሟት አያውቅም። ጋራዥ ያደገች ልጅ ስለሆነች ምንም ነገር ከመንካቷ በፊት የባትሪውን ገመድ ትነቅላለች። አዶኒያስ ያንን አያውቅም። አልነገረችውም።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

አዶኒያስ ከኋላዋ ቆሟል። እጁ በነጭ ፋሻ ታስሯል። ማሽኑን አበራችው፣ አጠፋችው። አዶኒያስ የዞረውን ኢላማ አየ፣ ከዚያ ፋሻውን አየ።

«ሌላ ማን አየው?» አለ።

«አንተና እኔ ብቻ።»

«እሺ በቃ። ፈልገሽ አስተካክዪውና ነገ ይሥራ።»

«ሮባስ?»

«ሮባማ መታኝ እኮ ፋዲ። የቆሰለው የእኔ እጅ ነው።»

«ዞሮለት ነው የተኮሰው።»

«ታዲያ እንግዳ በሚመጣበት ዋዜማ ‹ማሽኔ ሰው ያስመታል› ልትዪ ነው? ጋሽ ጎበና አንዴ ስቶር ካስገቡት አይወጣም። አቦ ነገሩን አትነካኪው። ሮባ ሳላይ ተኮስኩ ይበልና ይቅጠል፣ ምን ይጎድልበታል?»

ፋዲላ መቁረጫ ፒንሳውን ከቦርሳዋ አወጣች። ሰማያዊውን ገመድ በፒንሳው ጥርሶች መሃል አስገባች። ጫን ብታደርገው ማሽኑ ይስተካከላል። ከዚያ በኋላ ኢላማው ዞሮ እንደነበር ማንም ሊያሳይ አይችልም፤ ሮባም ቢሆን።

የበሩ ብረት ተንቋቋ። ሃምሳ አለቃ ገቡ፣ ሮባ ከኋላቸው።

«ቁረጪው» አለ አዶኒያስ በሹክሹክታ።

ሃምሳ አለቃ ሜዳው መሃል ላይ ቆሙ። «እህስ ሮባ?»

«ያው ነው ጋሼ። ዞሮ ነበር።»

ሃምሳ አለቃ የክበቡን ኮፍያ ሊቀበሉት እጃቸውን ዘረጉ። ሮባ ኮፍያውን አወለቀ። ካርቶኗ እንደተንጠለጠለች ሰጣቸው።

ፋዲላ ፒንሳውን ከገመዱ አወጣችው።

«ጋሼ፣ አንዴ እዚህ ይምጡ» አለች። «ሮባ፣ አንተም ና።»

መጡ። አበራችው። ኢላማው በጎኑ ሲቆም አጠፋችው። ኢላማው በአራቱም ፊት ቀስ ብሎ ዞረ።

ሃምሳ አለቃ ራሳቸው ጎንበስ ብለው አበሩት፣ አጠፉት። ዞረ።

«ትናንት አይንቀሳቀስም አልሽኝ።»

«ብያለሁ። ሳልሞክረው ነው ያልኩት። አዶኒያስም አጥፍቶታል፣ ሮባም ዞሮለታል። ገመዱ ይህ ነው፤ ያስገባሁት እኔ ነኝ።»

አዶኒያስ መሬት መሬት ያያል። ሃምሳ አለቃ ኮፍያውን ለሮባ መለሱለት። «እኔም ሳልሞክረው ነው የፈረድኩብህ» አሉት ዝቅ ባለ ድምፅ። ከዚያ ወደ ፋዲላ ዞረው «ቁረጪው» አሏት።

ቆረጠችው። አበሩት፣ አጠፉት። ኢላማው በጎኑ እንደቆመ ቀረ። ሃምሳ አለቃ በእግራቸው ገፋ አደረጉት፤ አልዞረም።

«የምወስነው እኔ አይደለሁም» አሉ። «ነገ የሚተኩሰው ሮባ ነው። ካመነው ይሠራል፤ ካላመነው ስቶር ይገባና በቆመ ኢላማ እንተኩሳለን። እንግዶቹ ይቆጡ።»

ሮባ ሰማያዊውን ቁራጭ ገመድ ከመሬት አንስቶ አገላበጠው። «አሁን አይንቀሳቀስም?»

«አይንቀሳቀስም» አለች ፋዲላ።

«ትናንትም እንዲሁ ብለሽ ነበር።»

አዶኒያስ የታሰረ እጁን ወደ ደረቱ አስጠጋ። «እኔ ከዚያ ጀርባ ድጋሚ አልቀመጥም» አለ። «የቀረኝ አንድ እጅ ነው።»

«እኔም ከጀርባው ማን እንዳለ ሳላውቅ አልተኩስም» አለ ሮባ። «ሌሊቱን ሙሉ የአዶኒያስ እጅ ነው ሲታየኝ ያደረው። እጅ ሳይሆን ፊት ቢሆንስ ኖሮ?»

ፋዲላ ወደ ጎማዎቹ ክምር አየች። ትናንት አዶኒያስ የተቀመጠባት ክፍተት ለአንድ ሰው ትከሻ ብቻ የምትበቃ ናት።

«ነገ ወረቀት የምቀይረው እኔ ነኝ» አለች ለሮባ። «ኢላማው ዞረም አልዞረም፣ አንተ ጠመንጃውን መሬት ላይ አድርገህ ‹አስቀምጫለሁ› ሳትለኝ እጄን አላወጣም። ካልክ ግን ቃልህን አምኜ አወጣለሁ።»